ጫልቱን ያልተሸከምንበት ቀን

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ንግግር ተደረገልኝ። ጋቢ አለበሱኝ፤ ፍሬም የገባ የምስክር ወረቀት ሰጡኝ፤ አንዱ ወጣት ማይክ ይዞ «ጋሽ ግርማ ዕድሜ ልካቸውን ለአካል ጉዳተኞች መብት የታገሉ አክቲቪስት ናቸው» አለ። ዞር ብዬ ኋላዬን አየሁ፤ ሌላ ግርማ የመጣ መስሎኝ! እኔ ጸሐፊ ነበርኩ። ደብዳቤ ስጽፍ፣ ደረጃ ስለካ፣ ሪከርድ ክፍል ስሰለፍ ነው ጸጉሬ የሸበተው። ታገለ የሚባለው ማን እንደሆነም በቅጡ አላውቅም። ቦሌ አራብሳ ላይ በአንዲት ሴት ጉዳይ ያየሁት ነገር አለ፤ ከዚያ ወዲህ መርዳትና መበደል ተደበላልቀውብኛል። ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ጀምሬ አስበዋለሁ፤ መሃል ላይ ስደርስ እንደገና ይጠፋብኛል። እስቲ እንደሆነው ልጻፈው።

ሥራ የጀመርኩት ሃያ ሁለት ሰፈር ነው። ማኅበራችን የአካል ጉዳተኞችን አቤቱታ የሚጽፍና የሚከታተል ትንሽ ማኅበር ነበር፤ ቢሮው ከአንድ ቪላ ጀርባ ያለች ሰርቪስ ክፍል፣ እኔ ደግሞ የታይፕ ጸሐፊው። ስለ ደሞዙ ባናወራ ይሻላል። የተቀጠርኩት በእጄ ፍጥነት ነው እንጂ ስለ መብት የማውቀው ነገር አልነበረም። ዓይነ ስውር ባለጉዳይ ሲገባ ድምፄን ከፍ አድርጌ እጮህበት ነበር። ለምን እንደምጮህ እግዜር ይወቀው፤ ጆሮው ደህና ነው እኮ!

ከዚህ ጉድ ያወጡኝ እትዬ ሙሉነሽ ናቸው። የክትትል ክፍል ኃላፊ ነበሩ፤ በልጅነታቸው ፖሊዮ ይዟቸው በሁለት ክራንች ነው የሚሄዱት። ቁመታቸው አጭር፣ ምላሳቸው ረጅም። ቦርሳቸው ውስጥ የልብስ ሰፊ ሜትር አይጠፋም። አንድ ቢሮ ስንሄድ ከሰላምታ በፊት የበሩን ስፋት ይለካሉ፤ የደረጃውን ብዛትና የእያንዳንዱን ከፍታ ያስጽፉኛል።

«ደረጃው ይበዛል ብለህ ብትጽፍ ‹ለማን ነው የሚበዛው?› ይሉሃል» ይሉኝ ነበር። «አሥራ ዘጠኝ ደረጃ፣ የእጅ መደገፊያ ብረት የለውም ብለህ ጻፍ። በቁጥር ላይ ምን ሊሉህ ነው?»

አቤቱታ ከመጻፋቸው በፊት ባለጉዳዩ ቤት ሄደው ጠዋት ይቀመጣሉ። ምንም አይጠይቁም። እንዴት ሽንት ቤት እንደሚገባ፣ ውሃ ማን እንደሚያቀብለው፣ ማን ሲመጣ ፊቱ እንደሚቀየር ዝም ብለው ያያሉ። ከሰዓት በኋላ ነው «በል እስቲ ንገረኝ» የሚሉት። የሚጽፉትም በራሱ አነጋገር ነው፤ እኔ «ከፍተኛ እንግልት» የሚል ቃል ጣል ካደረግኩ በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዙብኛል። ከዚያ ሦስት ጊዜ ጮክ ብለው ያነቡለታል፤ አንድ ቃል «ይሄ የኔ አይደለም» ካለ እንደ አዲስ። ኮፒው ላይ የገቢ ማኅተም ሳይመታ፣ የተቀበለን ሰው ስም ሳይጻፍ ደግሞ ከሪከርድ ክፍል ንቅንቅ የለም።

አንድ ልማዳቸው ግን ያበሳጨኝ ነበር። ባለጉዳዩን ስለ ችግሩ ሲጠይቁ የሚረዱትን ሰዎች ከክፍሉ ያስወጣሉ። ሚስት ትሁን፣ እናት ትሁን፣ «እስቲ አንዴ ደጅ ቆዩልን» ነው። ሰው ይቀየማል። አንድ ቀን ደፍሬ ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የምታጥበው እህቱ አጠገቡ ቁጭ ብላ ‹ተቸግሬያለሁ› እንዲልህ ትፈልጋለህ? እሷን የሰደበ ይመስለዋል» አሉኝ። እሺ አልኩ፤ ግን የእሳቸው ግትርነት ነው ብዬ ነው በሆዴ ያሳለፍኩት።

ከዚያ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ ወደሚባለው ሰፈር ተዛወርን። አዲሱ አለቃችን ዎርክሾፕ የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ መጋረጃ ያለው ቢሮ ተከራዩልን። ምን ዋጋ አለው፣ ሁለተኛ ፎቅ! ሊፍት የለም። የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ሁለተኛ ፎቅ ላይ! እትዬ ሙሉነሽ የዘበኛውን ክፍል አጸዱና ጠረጴዛቸውን እዚያ አስገቡ። ሁለት ዓመት ባለጉዳይ ሁሉ እዚያው እያለቀ እኛ ፎቅ ላይ ያለነው ዝንብ ስናባርር ዋልን። አንድ ቀን የሆነ መሥሪያ ቤት ስንሄድ ደግሞ አንድ ዘበኛ አዘነላቸውና ሳይጠይቅ ብድግ አድርጎ ደረጃውን አወጣቸው። «መልሰኝ» አሉት። እንደ ቀልድ ሳቀ። «ካነሳኸኝ ቦታ መልሰኝ!» መለሳቸው። «አሁን ጠይቀኝ» አሉት። «ላውጣዎት?» ሲል «አይ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው በክራንቻቸው ግማሽ ሰዓት ፈጅተው ወጡ። እኔ በሃፍረት መሬት ብትከፈትልኝ ደስ ባለኝ። ዘበኛው ምን አደረጋቸው? መልካም ነው ያሰበው። ያኔም አልገባኝም ነበር።

ከለጋሾች የሚመጣው እርዳታ ሲደርቅ የዎርክሾፑ አለቃም ሄዱ፣ መጋረጃውም ሄደ። እትዬ ሙሉነሽ በዚያው ዓመት አረፉ። እኔ የክትትል ሠራተኛ ተብዬ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ምድር ላይ ባለች የሱቅ ክፍል ተመደብኩ። የእሳቸው ሜትር እኔ ጋ ቀረ።

ወይዘሮ ጫልቱን ያወቅኋት እዚያ ነው። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ኮንዶሚኒየሙ የቆመበት አካባቢ ድሮ እርሻ በነበረ ጊዜ አባቷ ጤፍና ሽምብራ ያርሱ ነበር። ልጅ ሆና ከጋሪ ወድቃ ወገቧ ተጎዳ፤ ከዚያ ወዲህ በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ቤት በዕጣ ሲወጣላት አራተኛ ፎቅ ደረሳት። ከአሮጊት እናቷ ጋር ነው የምትኖረው፤ እናቷ እንኳን እሷን እንስራ አያነሱም። ደረጃውን ለካሁት፤ ስልሳ ስምንት ነው። የሽንት ቤቷ በር ከወንበሯ በአራት ጣት ይጠባል።

ታዲያ እንዴት ትወጣለች ያላችሁ እንደሆነ፣ ጎረቤቶቿ ይሸከሟታል። የሕንፃው ወንዶች ስምንት ሆነው ተራ አውጥተዋል። አስተባባሪው ሰይድ ነው፤ ከወሎ የመጣ፣ እዚያው ሥር ሱቅ ያለው፣ ሃምሳ የተጠጋ ሰው። የተራውን ዝርዝር በኮምፒውተር አስጽፎ፣ የሕንፃውን ኮሚቴ ማኅተም አስመትቶ ደረጃው ሥር ለጥፎታል። አራት ዓመት አንድ ቀን አልተዛነፈም። ይህንን ሳይ ዕንባዬ ነው የመጣው፤ አገር አለ አልኩ።

ጫልቱ ግን ቢሮዬ ወርዳ፣ ማለት አውርደዋት፣ የቤት ለውጥ ማመልከቻ ጻፉልኝ አለች። ሕንፃው ሥር ምድር ቤት ላይ አንድ ባዶ ክፍል ነበር።

«ጎረቤቶችሽ እንዲህ እየረዱሽ?» አልኳት።

ሰይድ ሱቁ እስኪገባ ጠበቀች። «ጋሼ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ደጅ መሆን ነው የምወደው፤ አባቴ ጋ እያለሁ ጀምሮ። አሁን ‹ዝናብ ሊመጣ ነውና አውርዱኝ› ብዬ ሰው ልጥራ? አብዳለች ነው የሚሉኝ። ሐኪም ቤት ሲሆን እጠራለሁ። ቤተ ክርስቲያን ሲሆን እጠራለሁ። ዝም ብዬ መውጣት ሲያምረኝ ግን ምን ብዬ ልጥራ?»

ጻፍኩላት። ሦስት ጊዜ አነበብኩላት። የዝናቡን ነገር «ይቅር፣ ይስቁብኛል» አለች፤ እሺ ብዬ አወጣሁት። በሰፈሩ እንደሷ ፎቅ ላይ የቀሩ ሌሎች ስድስት ሰዎች ነበሩ። ኮሙናል ቤቱ፣ ያ ለቅሶና ድግስ የሚዋልበት አዳራሽ ውስጥ ሰበሰብኳቸው፤ የጫልቱ ጉዳይ ቀድሞ ይግባ፣ የእሷ ከተሳካ የሌሎቹ በዚያው መንገድ ይሄዳል ተባባልን። ሰባት ሰው በአንዲት ማመልከቻ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ማመልከቻው የገባበት የቤቶች መሥሪያ ቤትም ለመስክ ምልከታ ባለሙያ እንልካለን አለ።

እዚህ ላይ ነው ምን እንደነካኝ የማላውቀው። ከመምጣታቸው ሁለት ቀን በፊት ሱቁ ሄጄ ለሰይድ ነገርኩት። ምስክር ይሆኑልናል ብዬ ነው።

«ሐሙስ ከመንግሥት እንግዶች ይመጣሉ፤ የጫልቱን ኑሮ ያያሉ» አልኩት።

«አብሽር ጋሽ ግርማ! አናሳፍርህም» አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ስደርስ ደረጃው ታጥቧል። ገመድ ላይ የተሰጣው ልብስ ተነስቷል። ድፎ ዳቦ ተቆርሷል። ጫልቱ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ወንበሯ ተወልውሎ፣ ምድር ላይ ቁጭ ብላለች፤ ስምንቱም ወንዶች ሥራ ትተው ከጎኗ ተሰልፈዋል።  እንግዳ ይመጣል አልኳቸዋ! እንግዳ ሲመጣ ማን ጓዳውን ያሳያል?

የተላከው ባለሙያ ታብሌት የያዘ ወጣት ኢንጂነር ነው። «እሷን ማን ነው ሳፖርት የሚያደርጋት?» ብሎ ጠየቀ።

«እኛ አለን!» አለ ሰይድ ደረቱን ነፍቶ። «ወላሂ ምንም አይቸግራትም። በስልክ አንዴ ጠራ ካደረገች በቃ፣ ከተፍ ነው።» ወደ ተለጠፈው ዝርዝር ወሰደው። ከዚያ ደግሞ፣ እናሳየው ብለው፣ እሱና አንዱ ባለተራ ከነወንበሯ ብድግ አድርገዋት አራት ፎቅ በሩጫ ወጥተው ወረዱ። ጎረቤት አጨበጨበ።

«ዋው! ይሄማ ቤስት ፕራክቲስ ነው» አለ ልጁ፤ የተራውን ዝርዝር ከነማኅተሙ ፎቶ አነሳ። ከዚያ ስምንቱ ፊት ጎንበስ ብሎ «እትዬ፣ ችግር አለብዎት?» አላት።

ጫልቱ ሰይድን አየችው። ላብ ግንባሩ ላይ ገና አልደረቀም። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጎረቤቶቼ አሉ» አለች።

እትዬ ሙሉነሽ ያን ሁሉ ዓመት ሰው ከክፍል ያስወጡ የነበረው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ዘገየ።

ደብዳቤው መጣ። «አመልካቿ በማኅበረሰቡ ጠንካራ ድጋፍ እየተንቀሳቀሱ መሆኑ በመስክ ምልከታ ስለተረጋገጠ ጥያቄያቸው ተቀባይነት አላገኘም።» ጫልቱ አነበበችው፣ አጠፈችው፣ «እሺ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መውረድ ተወች። ባለተራዎቹ ሄደው ያንኳኳሉ፤ «ዛሬ አልወርድም» ትላለች። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ቀረች። ስድስቱ ሰዎች ስልኬን እየደወሉ «የኛስ ጋሽ ግርማ?» ይሉኛል፤ ምን ልበላቸው?

ደሜ ፈልቶ ሰይድ ሱቅ ገባሁ። «የደከምኩበትን ሥራ ድራሹን አጠፋችሁት!» ብዬ ጮህኩበት።

ሚዛኑን አስቀመጠና አየኝ። «ጋሽ ግርማ፣ ምን አጠፋን? ሰው ተሸከምን እንጂ ሰው ጣልን?»

  ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይሄን አውቃለሁ፤ ግን የሰይድ ጥያቄ በዚህ አይመለስም። የሚጠላ ሰው ባገኝ ይቀለኝ ነበር። ልጮህበት የመጣሁት ሰው ሁለት ሳምንት ሙሉ የእሷን በር እያንኳኳ ሆድ ብሶታል።

በማግስቱ ጠዋት ተነስቼ ስልሳ ስምንቱን ደረጃ ወጣሁና እሷ ቤት ተቀመጥኩ። ምንም አልጠየቅኩም። እናቷ ምስር ይለቅማሉ። ጫልቱ መስኮቱ ጋ ናት። ከሰዓት ሲሆን ራሷ ጀመረች።

«ያን ዕለት እውነቱን ብናገር ሰይድ ይሞት ነበር» አለች። «ደግሞ ማታ ማን ያወጣኛል? ከሁለቱ የትኛው አፌን እንደያዘው እኔም አላውቅም።»

ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዳለ፣ እሷ ራሷ ቀርባ ማስረዳት እንዳለባት ነገርኳት።

«የት ነው የሚሰማው?»

«ሦስተኛ ፎቅ።»

«ሊፍት?»

«ተበላሽቷል።»

ሳቀች። ከደብዳቤው ወዲህ ስትስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቴ ነበር። «ሰይድን ጥሩልኝ» አለች።

ሰይድ ከነባልደረቦቹ መጣ፤ በሩ ላይ ቆሙ። ልወጣ ስነሳ «ይቀመጡ ጋሼ፣ ይህቺን ፊት ለፊታቸው ነው የምላት» አለችኝ። ለእነሱ «ለቅሬታው ቀን ደረጃው ሥር ድረስ አድርሱኝ። ከዚያ እጃችሁን አንሱ። ማንም ቢለምናችሁ እንዳትሸከሙኝ» አለቻቸው።

«ኧረ ባላህ!» አለ ሰይድ። «መሬት ላይ ጥለንሽ ልንቆም? ሰው ምን ይለናል?»

«አራት ዓመት እናንተ ‹እናንሳሽ› ስትሉ እሺ ብያለሁ። አንድ ቀን እናንተ እሺ በሉኝ።»

ሰይድ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። ትልቅ ሰውዬ! እሺም እምቢም ሳይል ወጣ። እኔም ቤቴ ስሄድ ይሄ ነገር ግፍ ነው ወይስ መብት ነው እያልኩ ታክሲ አለፈኝ።

በቀጠሮው ቀን ሰባቱም ባለጉዳዮች መጡ። ስምንቱም ወንዶች መጡ። ጫልቱን ደረጃው ሥር አደረሷትና ሁሉም አንድ አንድ እርምጃ ወደኋላ አሉ። ሰይድ እጆቹን ብብቱ ሥር ወሸቀ፤ እንዳያመልጡት ይመስለኛል።

የግቢው ዘበኛ «ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ወንዶች አይደላችሁም? ብድግ አድርጓት!» አለ።

«አንሸከምም» አለ ሰይድ። ድምፁ አይሰማም።

ለጉዳያቸው የመጡ እናቶች ከበቡን። «ምን ዓይነት ጨካኝ ጎረቤት ነው! ጌታ ያሳያችሁ!» ይሉታል። በዕድሜው አንድም ሰው ጨካኝ ብሎት የማያውቅ ሰው ነው። ፊቱ አመድ መሰለ። አንድ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ እጅጌውን ሰብስቦ ወንበሯን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ጫልቱ «አልጠራሁህም፣ ወንድሜ» አለችው፤ ቀና አለ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስሟ ተጠራ፤ ያልቀረበ ባለጉዳይ መዝገቡ ይዘጋል ተባለ። አንድ ሰዓት ያህል እንዲያ ቆምን። እውነት ለመናገር እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ «ኧረ ተሸክመን እናውጣትና ይለቅልን» ልል አፌ ላይ ደርሷል።

በመጨረሻ የግቢው ጫጫታ ፎቅ ድረስ ደርሶ ሦስቱ የኮሚቴ አባላት ፋይላቸውን ይዘው ወረዱ። ወንበር ወጣላቸው፤ ቧንቧው አጠገብ፣ ግቢው ሙሉ ሰው እየሰማ ተቀመጡ።  ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ፋይሉን ገልጣ «ጎረቤቶቼ ይሸከሙኛል ብለሽ አልነበር?» አለቻት።

«ይሸከሙኛል፤ እግዜር ይስጣቸው። ዛሬ ግን አልተሸከሙኝም። ነገ ምናልባት ይሸከሙኝ ይሆናል» አለች ጫልቱ። «እመቤቴ፣ እርስዎ ቤትዎ የሚገቡት በምናልባት ነው?»

ሰብሳቢዋ ስልሳ ስምንቱ ደረጃ የተጻፈበትን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ፋይሉን ዘጋችው።

ቤቱ ተለወጠላት። ከስድስቱ ሁለቱም ተለወጠላቸው፤ አራቱ እኔ ጡረታ ስወጣም ገና ቀጠሮ ላይ ነበሩ። በሯ ፊት ወንበሯ የሚወጣና የሚወርድበት የሲሚንቶ መንሸራተቻ የሠሩላት እነዚያው ስምንቱ ናቸው፤ አሸዋውን ያቦካው ሰይድ ነው። ዝርዝሩ ከግድግዳው ተነሳ። ከዚያ በኋላ ግን ሰይድን ባገኘሁት ቁጥር የሆነ ነገር የጎደለው ይመስላል። ሰላም ይላታል፤ ታልፋለች፤ እጁን የት እንደሚያደርገው ይጠፋዋል። እሷም ብትሆን አንድ ቀን «አሁን በሬን የሚያንኳኳ የለም ጋሼ» አለችኝ። ደስ ብሏት ይሁን ከፍቷት ፊቷን አይቼ መለየት አልቻልኩም። ይሄን ነው ያመጣሁት? እያልኩ ስንት ቀን ከራሴ ጋር ተጨቃጨቅኩ።

ጡረታዬ ሳምንት ሲቀረው ጠረጴዛዬን እያጸዳሁ ሰይድ በሩን በርግዶ ገባ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ጻፍልኝ!» አለኝ።

«ምን ልጻፍ?»

«አቤቱታ! በጫልቱ ላይ። ለሕንፃው ኮሚቴ። የለስላሳ ሳጥን መንሸራተቻዋ ላይ ለአምስት ደቂቃ፣ ወላሂ ለአምስት ደቂቃ አሳረፍኩ። ወጥታ በሰው ፊት ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ‹አንተ ዓይን አውጣ፣ ደጁ የአባትህ ነው?› እኔን! አንሳ አለችኝ፣ አነሳለሁ አልኳት፣ አሁኑኑ አለችኝ። እኔም ያፌን ነገርኳት። እሷም አልተወችኝ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ነው ያየን!»

«ጫልቱ ናት እንዲህ ያለችህ?»

«ጫልቱ! አራት ዓመት ‹እግዜር ይስጥህ ሰይዴ› ከማለት በቀር ቃል ወጥቷት የማያውቃት ጫልቱ!»

ወረቀት አወጣሁ። ቀኑን ጻፍኩ። በባለጉዳዩ አነጋገር ነው የሚጻፈው። «በል ተናገር» አልኩት።

«እኔ አመልካች፣» አለ እየተንጎራደደ፣ «አራት ዓመት ሙሉ በጀርባዬ ተሸክሜ ያወጣኋትና ያወረድኳት ሴት…»

ጻፍኩ። እሱ ግን ቆመ። ወረቀቱን በትከሻዬ በኩል አጎንብሶ አየው። ትንፋሹ ረገብ አለ።

«ይሄን ሰርዘው» አለኝ።

«የቱን?»

«መሸከሙን። እሱ እዚህ ምን ይሠራል? ‹ጎረቤቴ ወይዘሮ ጫልቱ› ብለህ ጀምር።»

ሰርዤ እንደ አዲስ ጻፍኩለት። ሦስት ጊዜ አነበብኩለት። ሦስተኛው ላይ እንደገና ተቆጣና ፈረመ።